ሳምባድሮም ላይ የሚነበበው ወሬ

የሪዮ ዴ ጃኔሮን ካርኒቫል ላባና ጭፈራ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ዋናው ወሬ ያመልጠዋል። እያንዳንዱ የሳምባ ትምህርት ቤት (ስሙ እንዲህ ቢሆንም የሰፈር ማኅበር ነው) በየዓመቱ ኤንሬዶ የሚባል አንድ ታሪክ ይመርጣል። ታሪኩ በምዕራፍ ይከፈላል፤ ምዕራፎቹም አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ አላ የሚባሉ ቡድኖች ናቸው። ያጌጡ ግዙፍ ተሽከርካሪዎች በየመሐሉ ይገባሉ። ተመልካቹ ሰልፉን ከፊት ወደ ኋላ ያነበዋል።

የሰልፉ ልብ ባቴሪያ ነው፤ ከ200 በላይ ከበሮ መቺዎች። ሱርዶ የሚባሉት ትልልቅ ከበሮዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፦ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ሦስተኛው በመሐላቸው እየገባ ይሞላል። ትንሿ ሬፒኒኬ ጠርታ ታስነሳቸዋለች።

ችግሩ ርቀት ነው። ሰልፉ የሚያልፍበት፣ ብራዚላዊው አርክቴክት ኦስካር ኒሜየር የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው ሳምባድሮም የተባለው መንገድ 700 ሜትር ያህል ይረዝማል። ድምፅ ይህን ለመጓዝ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዜማው በመንገዱ ዳር በተደረደሩ ድምፅ ማጉያዎች ባይደርስ ኖሮ፣ ጅራቱ ላይ ያሉት ከፊተኞቹ ወደኋላ ቀርተው ይዘፍኑ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በዳኞች ፊት ስለሚወዳደሩ፣ ዘፈንና ከበሮ ሲለያዩ ነጥብ ይቀነሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ባቴሪያው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ጎን ማረፊያው የሚገባበት ቅጽበት ነው። ከኋላው ያለው አላ ባዶውን ቦታ ቶሎ ካልሞላው ክፍተት ይፈጠራል፤ ሮጦ ከሞላውም ዳኛ ያየዋል። መፍትሔው የፊተኞቹን እርምጃ ቀድሞ ማዘግየት ነው። ዳኞች ከ9 እስከ 10 በአሥረኛ ክፍልፋይ ስለሚሰጡ፣ 0.1 ዋንጫ ያስቀራል።

ባንዲራ የያዘችው ፖርታ ባንዴይራ ደግሞ ሳምባ አትረግጥም፤ ትሽከረከራለች፣ አጃቢዋ ሜስትሬ ሳላ ይዞርላታል፣ ይሰግድላታል። ባንዲራው በምርኩዙ ላይ ከተጠቀለለ ስሕተት ነው፤ የሰፈሩ ፊት ተሸፈነ ማለት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቤይዣ ፍሎር የተባለው የሳምባ ትምህርት ቤት ክርስቶስን በለማኝ አምሳል ሊያወጣ ሲል ፍርድ ቤት ከለከለ። ትምህርት ቤቱ ሐውልቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ «ቢከለከልም፣ ወደ እኛ ተመልከት» የሚል ጽሑፍ ሰቅሎበት አወጣው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ወጣ፤ ዛሬም ድረስ ሰው የሚያነሳው ግን ያንን ጥቁር ፕላስቲክ ነው።