ጌታ ሆይ፣ የት ነበርክ?

ጌታ የተመሰገነ ይሁን። የኔ ምስክርነት "ጸለይኩ፣ ተፈወሰ" የሚል አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ታመመ፣ ጸለይን፣ ጾምን፣ ሞተ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሐዘን ላይ ያለ ሰው "የሷማ ተሰማላት" ብሎ ማንበቡን እንዳይተው ነው።

ከሞተ በኋላ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አላቆምኩም። ማንም እንደማይደውልበት አውቃለሁ፣ ግን ባትሪው ሲያልቅ ሆዴ ይባባ ነበር። ማታ ማታ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ከፍቼ እሰማለሁ። ቁም ነገር እንኳን የለውም እኮ! "ቁልፉን የት ነው ያስቀመጥሽው? በር ላይ ቆሜያለሁ" ነው የሚለው። እሱን እየሰማሁ ይነጋል።

ሊያጽናኑኝ የመጡት ብዙ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንዳንዱ ግን "አታልቅሺ፣ አማኝ አይደለሽም እንዴ?" ይለኛል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው እኮ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አይደለም። የኢዮብም ጓደኞች 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ ሠርተው ነበር፤ ጣጣው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጸሎት እምቢ ማለቱ ነው። "አባታችን ሆይ" እልና እዚያው ላይ ይቆምብኛል። አንድ ሌሊት ግን ድንገት ገንፍሎ ወጣ፣ ጮክ ብዬ "ጌታ ሆይ፣ የት ነበርክ? አንተ ብትኖር ኖሮ እኮ ወንድሜ አይሞትም ነበር!" አልኩ። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ። ይህን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ዮሐንስ 11ን ከፈትኩ። ማርታም ማርያምም ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ለጌታ ያሉት ይህንኑ ነው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል። ሁለቱንም አልተቆጣቸውም። ለማርታ "ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ" አላት፤ እሷ መልስ የምትፈልግ ሴት ትመስለኛለች። ማርያም ግን እግሩ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ሲያያት "ወዴት አኖራችሁት?" ብሎ ጠየቀና እንባውን አፈሰሰ። አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እኮ ገና መንገድ ሳይጀምር ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል! ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚነሣ እያወቀ ለምን አለቀሰ? ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ፣ ያን ሌሊት ግን ማለፍ አቃተኝ። የሷ ልቅሶ ነው ያስለቀሰው። ዘሎት ወደ ተአምሩ አልሄደም።

እኔም "ጌታ ሆይ፣ ማብራሪያውን ተወው፣ ብቻዬን ግን አትተወኝ" አልኩት። ከዚያ በላይ አልጸለይኩም።

በማግስቱ በር ተንኳኳ። ከጸሎት ኅብረታችን አንዲት እህት ናት፣ ያን ያህል እንኳን አንቀራረብም። ጥቅስ አልጠቀሰችም። ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ ማጠፍ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት አጠፍኩ። ከመሃል የሱ ሹራብ ወጣ። እጇ ላይ ይዛው "እስቲ ስለሱ ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ እንዳልከፋ ብሎ ስሙን እንኳን አይጠራም ነበር። አወራኋት፣ አወራኋት። ያንን የድምፅ መልእክት አሰማኋት፤ ቁልፉ ለካ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ስነግራት ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አቅፋኝ አለቀስን። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን የለመንኩትን አውቃለሁ፣ ማን እንደላካትም አውቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ "የርኅራኄ አባት የመጽናናትም ሁሉ አምላክ" የሚለውን በዓይኔ አየሁት።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጸሎቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ መጀመሪያ በመዝሙር 88 ነበር። ያ መዝሙር እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ ማሳረጊያ ምስጋና እንኳን የለውም፤ እንዲህም ተብሎ ይጸለያል ለካ ብዬ እፎይ አልኩ። አሁንም አለቅሳለሁ፣ ብቻዬን ግን አይደለም። የልቤን ቁጣ ጌታ ወስዶልኛል፣ ስሙ ይባረክ።

እናቴ ግን ገና ናት። ስታዩኝ "እሷስ እንዴት ናት?" የምትሉኝ ወገኖች፣ እባካችሁ በጸሎት አስቧት። ስትደውሉላት ደግሞ የልጇን ስም ጥሩላት። ታለቅስ ይሆናል፣ ግን ደስ ይላታል።