ባለቤቱን ያልጠበቀ ኑዛዜ

መጽሔት ላይ ስሠራ ነው። ስለ ኒውዮርኩ የጁሊያርድ የሙዚቃና የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ጻፍ ተባልኩ። መነሻዬ ሽልማት ነበር፤ አሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳሊያዋን እ.ኤ.አ. በ1999 ለትምህርት ቤቱ ሰጥታለች። ሜዳሊያውን የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ደግሞ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ዓመት ድምፃዊቷ አሪታ ፍራንክሊንም ወስዳለች። ትምህርት ቤት ከእሷ እኩል ሲቆም ደስ አይልም?

ጽሑፉን ጨርሼ ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ጀመርኩ። መሀል ላይ ስልክ ተደወለ። ስመለስ ሁሉንም የጨረስኩ መስሎኝ አስረከብኩ።

በማግስቱ አርታኢያችን ጠሩኝ።

«ና እስቲ። ይሄ ጁሊያርድ የምትለው ሰውዬ መቼ ነው የሞተው?»

«በ1919 ጋሼ።»

«በኑዛዜው ገንዘብ ትምህርት ቤት የተከፈተውስ?»

«በ1917...» ድምፄ መንገድ ላይ ቀረ።

«ኑዛዜው ባለቤቱን አልጠበቀም በለኛ!»

አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በእኛ። ቢሮው በሳቅ ሞተ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁሉንም ወደ ፈረንጁ መልሼ ይዤላቸው ሄድኩ። አሁንም አልለቀቁኝም። «መሥራቹ ኦገስተስ ጁሊያርድ ብለሃል። ትምህርቱ በ1905 ተጀመረ፣ የኑዛዜው ትምህርት ቤት በ1924 ተከፈተ። ታዲያ ያን 19 ዓመት ማን አስተማረ?»

እውነትም ማን? ከስም ተነስቼ ነበር የገመትኩት። ሳገላብጥ መሥራቹ ፍራንክ ዳምሮሽ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ልጆች ለጥሩ የሙዚቃ ትምህርት ባሕር ተሻግረው አውሮፓ መሄድ የለባቸውም ብሎ በ1905 ከፈተው። ያኔ ስሙም ጁሊያርድ አልነበረም። ጁሊያርድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሲሞት ለሙዚቃ ብዙ ገንዘብ ተናዘዘ፤ በዚያ ገንዘብ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ለደረሱ ሙዚቀኞች ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሁለቱ የተጣመሩት በ1926 ነው። በስሙ የሚጠራውን ቤት ሰውዬው በዓይኑ አላየውም። የዳምሮሽን ስም ደግሞ ዛሬ ስንቱ ያውቀዋል?

ጽሑፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ዳምሮሽ ከላይ ገባ፣ ነጋዴው ወደ መሀል ወረደ።

ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ዲዛይነራችን የጁሊያርድን ፎቶ በትልቁ ገጹ ላይ ለጥፎ አገኘሁት።

«ኧረ ተው፣ ሜዳሊያውን የወሰደው እሱ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ የማንን ላድርግ?»

ትንሽ አሰብን። የሕንጻውን አደረግን።