ሚኒ ማርኬቱና የሰፈሩ ሱቅ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የተከፈተው ባለብዙ ቅርንጫፍ ሚኒ ማርኬት ሲጨናነቅ ዋለ። ባለሱቆች፣ በዘይትና በስኳር ዋጋ አትፎካከሩት፤ እሱ በብዛት ያነሳል፣ እናንተ ከአከፋፋይ በካርቶን። (ስኳር ላይ ድሮስ ምን ትርፍ ነበረ?) የእናንተ ጉልበት ችርቻሮው ነው፦ ሩብ ኪሎ ምስር፣ አንድ ፍሬ ሻማ፣ ደመወዝ እስኪወጣ የሚጠብቅ ዱቤ። ዱቤውን ግን በሁለት ደብተር ያዙ፣ አንዱ ደንበኛው ጋ ይቀመጥ፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው መዝገቡ ባለሱቁ ጋ ብቻ ሲሆን ነው። በዚህ የድሬ ሙቀት ዘይቱን ፀሐይ ከሚመታው በር አርቁት፣ ሽታው ቶሎ ይለወጣል። አዲስ ዕቃ ሲገባ አሮጌው ወደ ፊት ይምጣ። ገዢም ቅናሽ ብሎ ከመሮጡ በፊት ማሸጊያውን ያንብብ፦ 900 ግራም በ180 ብር ማለት ኪሎው 200 ብር ነው።