አንገቴን የዳሰሰች ጣት

ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት «ከዳንኩ ሳላፍር እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ስለት ዕዳ ነው፤ ቆየሁበት እንጂ አልረሳሁትም።

የምኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ሸማኔ ነኝ፣ የሸማኔ ልጅ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ራስ ምታት ጀመረኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ታይፎይድ ነው አሉኝ። እኛ ሰፈር የማይለቅ ራስ ምታት ሁሉ ታይፎይድ ነው። ክኒኑን ጨረስኩ፣ ራሴ ግን ያው።

አንድ ቀን ከሰዓት የነጠላ ጥበብ እየሠራሁ ሳለ ቀኝ አውራ ጣቴ በራሷ ትዘል ጀመር። ዝም ብዬ አየኋት። ቀጥሎ መዳፌ፣ ከዚያ ክንዴ። መወርወሪያው ሲወድቅ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ሌላውን አላውቅም። ስነቃ ባለቤቴ ክብሪት ጭራ አፍንጫዬ ሥር ይዛለች። ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቦ «የሚጥል ነው፣ አትንኩት» ይላል። (የክብሪት ጭስ ምንም እንደማይፈይድ ነርሷ በኋላ ነገረችን። በጎን አስተኝቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።)

ቀለም በመርፌ ተሰጥቶኝ የጭንቅላት ፎቶ፣ ኤምአርአይ ተነሳሁ። በግራ በኩል ቀለበት የመሰለ ነገር አለ አሉ። ቀኝ እጄን የሚያዘው ግራው አንጎል መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ቀለበቱ ግን ስም አልነበረውም። ካንሰር ይሆናል፣ መግል ይሆናል፣ የኮሶ ትል እጭ ይሆናል፣ ቲቢም ይሆናል፤ ፎቶው ብቻውን አይለይም። ኤችአይቪም ተመረመርኩ፣ የለብኝም። በመጨረሻ «ጭንቅላት ተከፍቶ ናሙና ይወሰዳል» ተባልኩ።

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዳገቱን ወጣሁ። ጸበሉ ሲወርድብኝ ከብርዱ ጋር ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። «እመቤቴ፣ ሳልከፈት ይታወቅልኝ» አልኩ። ሰባት ቀን እሷኑ ደጋገምኩ።

በስምንተኛው ቀን ለቀጠሮ ስሄድ ሐኪሜ የለም። በእሱ ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀምጣለች። ፎቶውን ዘርግቼ ላሳያት ስል «ቆዩ፣ መጀመሪያ ሸሚዝዎን ይፍቱልኝ» አለች። አንገቴን በጣቶቿ ዳሰሰች። ከጆሮዬ በታች ስትደርስ ቆመች።

«ይህቺ እብጠት መቼ ወጣች?»

መኖሯንም አላውቅም ነበር። ሽንብራ ታክላለች፣ አታምም። በቀጭን መርፌ ቀድታ ላከችው። ቲቢ ሆኖ ተገኘ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላሳለኝም፤ የሳንባ ራጄም ንጹህ ነበር። «የአንገቱ ቲቢ ከሆነ የጭንቅላቱም እሱው ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት እንጀምርና በፎቶ እንከታተለው፤ ቀዶ ጥገናው ይቆይ» አለች። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቲቢ ነው ተብሎ በደስታ ያለቀሰ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ።

መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አሥር ወር ሁለት ዓይነት፤ በዚያ ላይ ለጭንቅላቱ እብጠት ፕሬድኒሶሎን፣ ለሚጥለው ደግሞ ሌላ ክኒን። ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፣ ባለቤቴ ደም ነው ብላ ጮኸች። ጎረቤቶች ስኒዬን ለዩ። በትንፋሽ የሚተላለፈው የሳንባው እንጂ የእኔ ዓይነቱ እንዳልሆነ ብነግራቸው ማን ሰምቶኝ!

ፈተናው በሁለተኛው ወር መጣ። ራስ ምታቱ ብሶ ተመለሰ፣ በፎቶም ቀለበቱ አብጦ ታየ። ጸበል ቦታ አንዱ «ክኒኑ ነው የገደለህ፣ ጣለው» አለኝ። ልጥለው ነበር። ሐኪሟ ግን መድኃኒቱ ሲሠራ ሰውነት ተቆጥቶ እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር እንደሚችል አስረዳችኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ከፍ አድርጋ፣ የቲቢውን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ። የነፍስ አባቴ ዘንድም ሄድኩ። «ልጄ፣ ክኒኑን በጸበሉ ዋጠው» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸበሉን በሃይላንድ እየያዝኩ ነርሷ ፊት በእሱ እውጥ ነበር።

ኅዳር 2015 አሥራ ሁለት ወሩ ሞላ። በፎቶው ላይ የቀረችው ትንሽ ጠባሳ ናት። የሚጥለውን መድኃኒት ሐኪሟ ቀስ ብለን እናቆመዋለን ስላለችኝ ገና አልተውኩትም።

ያቺ ነጠላ የወደቅኩ ዕለት እንደነበረች ቆይታ ነበር። ማጉ የተዛባበትን ቦታ ፈትቼ ልሠራው አሰብኩና ተውኩት። ጨረስኳት፣ የካቲት 16 እንዳለች ለኪዳነ ምሕረት አስገባኋት።