ግንዲላው የት ገባ? ጃፓንና ቻይናን ሳወዳድር

ሥራው የአንድ ከሰዓት መስሎኝ ነበር። ጃፓንና ቻይና ከውጭ የሚያስገቡትን የደን ውጤት ማወዳደር። ሁለት መስመር፣ አንድ ግራፍ፣ በቃ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መረጃው በነጻ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከ1961 ጀምሮ የየአገሩን ንግድ መዝግቦ አስቀምጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ግንዲላ፣ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ቡኮ)፣ ወረቀት፣ ሁሉም አለ። አወረድኩት፤ ኤክሴል ላይ ደመርኩት።

ግራፌ ላይ ቻይና ሰማይ ነካች። ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ላክሁለት። «ቻይና ስንት ናት?» አለኝ። ለካ «ቻይና» የሚለው ድምር ሆንግ ኮንግን፣ ማካውንና ታይዋንን ጭምር ይይዛል። ዋናው ምድር ደግሞ ለብቻው ተጽፏል። እኔ ሁለቱንም ደምሬያቸዋለሁ! ምርቶቹም ላይ ያው ነው። ጠቅላላው የግንዲላ ረድፍ አለ፤ ከጥድ ወገን የሆነውና ያልሆነውም ተለይቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ስደምር አንዱን ግንድ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። አፈርኩ።

ቀጥሎ መለኪያው አስቸገረኝ። ግንዲላና ጣውላ በሜትር ኪዩብ ነው፣ ፐልፕና ወረቀት በቶን። አይደመሩም። በዶላር ልሥራው ብል ባሰ፤ የ1970 ዶላርና የ2010 ዶላር አንድ አይደሉማ። ዋጋ ሲንር እንጨቱ የበዛ ይመስላል። ወረቀቱን ተውኩትና በሜትር ኪዩብ ቀጠልኩ።

ነገሩ የጣፈጠኝ እዚህ ላይ ነው። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ግንባታው ሲጧጧፍ የራሷ ደን አልበቃት አለ። በ1964 የእንጨት ገቢ ንግዷን ከፈተች። ግንዲላ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከማሌዥያ፣ ከአሜሪካ ጎረፈላት። ከዚያ መስመሩ ይወርዳል። እኔም «ጃፓኖች እንጨት ቀነሱ» ብዬ ጻፍኩ። ችኩል ነኝ። ኢንዶኔዥያ ለራሷ ፋብሪካዎች ብላ በ1985 ግንዲላ ወደ ውጭ መላክ ከልክላ ነበር። የኮምፔርሳቶውን ረድፍ ስከፍት፣ ከጠፋው ግንዲላ ከፊሉ ተልጦና ተጣብቆ እዚያ ቁጭ ብሏል።

ቻይና ግልባጯ ናት። በ1998 የያንግትዜ ወንዝ ሞልቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መንግሥት የደን መመንጠሩም አባብሶታል ብሎ በብዙ የተፈጥሮ ደኖች ላይ ቆረጣ ከለከለ። ፋብሪካው ግን እንጨት ይፈልጋል። በተለይ ከሩሲያ ግንዲላ ገባ። የግንዲላው መስመር ሽቅብ ሲወጣ፣ ከውጭ የምትገዛው ኮምፔርሳቶ ቁልቁል ወረደ። ራሷ እየሠራች መሸጥ ጀመረቻ! ከገባው እንጨት ብዙው የቤት ዕቃ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። «ቻይና ይህን ያህል ተጠቀመች» ማለትም ስለዚህ አያስኬድም፤ ይህን ያህል አስገባች ነው የሚባለው።

በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ግንዲላ መለስኩት። አንድ ሜትር ኪዩብ ጣውላ ለማውጣት፣ እንደ መሰንጠቂያው ቢለያይም፣ ሁለት ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ግንዲላ ይሄዳል። ቀሪው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ነው። በዚህ ስሌት የጃፓን የ1980ዎቹ ቁልቁለት ለዘብ አለ።

ያኔ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። የወረደውን መስመር ሁሉ መጠርጠር አመጣሁ። የጃፓን የቅርብ ዓመታት መውረድ ግን የእውነት ነው። በ2002 ከምትጠቀመው እንጨት ከራሷ ደን የመጣው 19 በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ2020 ከ40 በመቶ አለፈ። ከጦርነቱ በኋላ የተከሉት ሱጊ የሚባለው ዛፍ ለመቆረጥ ደርሷል። አዲስ የሚሠራው ቤትም ቀንሷል።

ሩሲያ ከ2022 ጀምሮ ያልተጠረበ የጥድ ወገን ግንዲላ እንዳይወጣ ስትከለክል፣ የቻይናን የግንዲላ ረድፍ አልነካሁም። መጀመሪያ የከፈትኩት የጣውላውን ነው።