የግሸን ስለትና የቆመው ምርመራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«የግሸን ማርያምን ቸርነት መስክሩልኝ» ብለው ያዘዙን እናት የደሴ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ምጣድ ሥር ቆመው እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። የግራ እግራቸው ደም ሥር ተገትሮ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ጠቆረ፤ ቆሰለ። የተበላሸው ሥር ከብሽሽት እስከ ጉልበታቸው ድረስ በቀዶ ሕክምና ተመዞ ወጣላቸው፤ ቁስሉ ግን በ3 ወሩም አልደረቀም። ከሕክምናው በኋላ የተነሡት አልትራሳውንድ «ንጹሕ ነው» ስላለ፣ ስለታቸው ያልተሰማ መስሏቸው አለቀሱ።

ስሕተቱ በጀርባ አስተኝቶ መመርመሩ ነበር። ተኝተው ሲታይ የደከመ ቫልቭ (በደም ሥር ውስጥ ደሙ ቁልቁል እንዳይመለስ የሚከድነው ክዳን) እንኳ ጤነኛ ይመስላል፤ የሚፈተነው ደሙ ቁልቁል ሲከብደው ነው። በድጋሚው እናታችን ቆመው፣ መደገፊያ ይዘው፣ ክብደታቸውን በቀኝ እግራቸው ጣሉ፤ ግራው ጎበጥ ብሎ ላላ። ከብሽሽት ተጀመረ። የተመዘዘው ሥር ጉቶ ተዘግቷል። ከውስጥ በኩል ያለው ጥልቁ ደም ሥር በመሣሪያው ጫን ሲባል ጨርሶ ተጣበቀ፤ የረጋ ደም ቢኖርበት እንዲያ አይሆንም። ቀጥሎ ባታቸው በእጅ ጭብጥ ተደርጎ ድንገት ተለቀቀ። ሲጨበጥ ደሙ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲለቀቅ ቫልቩ መክደን አለበት። ከቆዳ ሥር ባሉት ሥሮች ከግማሽ ሴኮንድ፣ በጭንና ከጉልበት ጀርባ ባሉት ጥልቆቹ ከ1 ሴኮንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ቫልቩ አልሠራም።

ጥልቆቹ ደኅና ነበሩ። ይህ ራሱ ምሕረት ነው፤ እነሱ ቢበላሹ ነገሩ ይከብድ ነበር። ጉዱ የተገኘው ከቁስሉ ጠርዝ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው፦ ጥልቁን ከላይኛው የሚያገናኝ አንድ ሥር፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ደሙን 2 ሴኮንድ ያህል ወደ ቆዳ የሚገለብጥ። ቁስል አጠገብ ያለ አገናኝ ሥር 3.5 ሚሊ ሜትር ከሞላና ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ከመለሰ መታከም ይገባዋል። ቦታው በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገበት፤ በማደንዘዣ መርፌ፣ በትንሽ ቀዳዳ ሥሩ ታሰረ።

ከዚያ የፋሻው ተራ መጣ። ከመጠቅለሉ በፊት የእግራቸው ምት ተዳሰሰ፤ ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ላይ ጠበቅ ያለ ፋሻ ጣት ያሳጣል። ከጣቶች ሥር ተነሥቶ እስከ ጉልበት በታች፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ ይጠቀለላል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያስርና እብጠቱን ራሱ ያመጣዋል። ጠበላቸውን መጠጣት ማንም አልከለከላቸውም፤ ፋሻውን ፈትተው ቁስሉን ማራስ ግን ተከለከሉ፤ እሳቸውም እሺ አሉ። እንዲራመዱም ተነገራቸው፤ ደሙን የሚገፋው ባት ነውና።

በ9ኛው ሳምንት ቁስሉ ገጠመ። እንደገና ቆመው ሲታዩ በታሰረው ሥር የሚያልፍ ደም የለም።

ለመስከረም 21 ግሸን ሲሄዱ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ተንጎራደዱ። አምባውን በእግራቸው ወጥተው ስለታቸውን አገቡ። ማታ የሚያጠብቀውን ካልሲ ሲያወልቁ፣ ቁስሉ በነበረበት ቦታ የካልሲው ክር ምልክት ብቻ ታትሟል።