ዋንዛው አይቆረጥም

ዘጌ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ፍልሰታ ስለሆነ ቡናው የሚፈላው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዛሬ አቦል ሲቀዳ መላክ የጀመርሁት ፋይል በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ አዲስ አበባ ደረሰ። እዚህ ቤት የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በጀበና ነው። እማዬን «210 ሜጋባይት ቀረኝ» ብላት ምንም አይገባትም፤ «ገና ቶና ላይ ነው» ስላት ግን ዝም ብላ ፍሙን ትቆሰቁሳለች። ባለፈው ሳምንት ሥዕል የበዛበት አንድ የልጆች መጽሐፍ ሦስት ጀበና ፈጅቷል።

ሥራዬ መጽሐፍ ማሰናዳት ነው። ሌሎች የጻፉትን አርማለሁ፣ ገጹን አቀናጃለሁ፣ ሥዕሉን ቦታ ቦታ አስይዤ ለማተሚያ ቤት እልካለሁ። ባሕር ዳር ተከራይቼ ስኖር ኢንተርኔት ከግድግዳው በገመድ ይመጣ ነበር። እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ ሲጠፋ እማረራለሁ፣ ሲመጣ እረሳዋለሁ። እማዬ ጉልበቷን ታማ ወደዚህ ስመለስ ገመዱ እዚያው ቀረ። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብትሆን ነው፤ ያችን አንድ ሰዓት ግን ገመድ አልተሻገራትም። ስለዚህ ያለኝ መተማመኛ ሲም ካርድ የጎረሰች አንዲት ነጭ ሣጥን ናት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ግራ ያጋባኝ መቀበልና መላክ አለመመሳሰላቸው ነበር። ቪዲዮ ያለ ችግር ይታየኛል፤ አንድ ምዕራፍ ልላክ ስል ግን ቀኑ ይመሻል። ጥፋቱን በኮምፒውተሬ ላይ እያላከክሁ ቆይቼ አንድ የአንቴና ባለሙያ ነገሩን አፍረጠረጠልኝ። የሞባይል ኔትወርኩ ማማ በአሥር በሚቆጠር ዋት ያስተላልፋል፤ የእኔ ሣጥን ግን እንደ ማንኛውም የእጅ ስልክ ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ብታወጣ ነው። «አንቺ ትሰሚዋለሽ፤ እሱ ግን አይሰማሽም» አለኝ። ማማው ይጮኻል፣ እኔ አንሾካሹካለሁ፤ በመካከላችን ደግሞ ዋንዛው አለ።

ዋንዛው ብቻውን አይደለም። ከሥሩ ቡናው፣ ከጎኑ ጌሾው፣ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በቤታችንና በማማው መካከል ደረቱን ሰጥቶ የቆመው ግን እሱ ነው። ውኃ ያዘለ ቅጠል የሬዲዮ ሞገድን ይመጥጣል። በ800 ወይም በ900 ሜጋኸርዝ የሚመጣው ሞገድ እንደ ምንም ተሹለክልኮ ያልፋል፤ በ1800ና ከዚያ በላይ የሚመጣው፣ ብዙ ዳታ የሚሸከመው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ቅጠል ላይ ይበልጥ ይደክማል። በጋ ላይ ደህና የነበረው ቤታችን ክረምት ሲገባ የሚደናቆረው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ሁሉ ደመናውን ያማል፤ እኔ ግን የረጠበውን ቅጠል አማለሁ።

ሌላ አገር ቢሆን መጋዝ ይመጣ ነበር። ዘጌ ግን በሬ ተጠምዶ የማይታረስባት ምድር ናት፤ ሥርዓቱን ያቆሙት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ ሲነገር ኖሯል። ሰዉ የሚኖረው ከቡናው፣ ከጌሾውና ከሎሚው ነው፤ ቡናው ደግሞ ያለ ጥላ አይሆንም። አንድ ቀን ዋንዛውን ትኩር ብዬ ሳየው እማዬ ደረሰችብኝ።

«ምን አደረገሽ?»

«ኔትወርኩን ከለለው።»

«ከኔትወርክሽ በፊት የመጣ ነው። አያትሽ ናቸው የተከሉት። እንዳታስቢው!»

አላሰብሁትም። ትንሽ ብቻ።

እሱ ካልተነሣ እኔ ልነሣ አልሁ። ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ማታ ማታ የባሕር ዳር መብራት ከውኃው ማዶ ተደርድሮ ይታያል። በዚህ በኩል ዛፍ የለም፤ ጣና ብቻ ነው። ቅርብ ያለውን ማማ ትተን ሩቅ ያለውን ብናነጋግርስ? ባለሙያው ሐሳቡን ሲሰማ አልሳቀብኝም። የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆምን፤ ሁለት አንቴናዎች አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አጋድመን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዞርናቸው። የአንቴና ገመድ በረዘመ ቁጥር የሚያልፍበትን ጉልበት ስለሚበላ ሣጥኗም ከቤት ወጥታ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ተከድና ምሰሶው ላይ ተሰቀለች። እማዬ «እንደ ንብ ቀፎ» አለቻት።

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። ባለሙያው መሰላሉ ላይ፣ እኔ ምሰሶውን ደግፌ፣ እማዬ ስልኩን ይዛ የሚደርሰንን የሞገድ ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ታነባለች።

«114። አሁንም 114። 109። ኧረ 103! እየቀነሰ ነው፤ ወደነበረበት መልሱት እንጂ!»

ከቁጥሩ ፊት ያለችውን ሰረዝ አሳየኋትና ከዜሮ በታች መሆኑን፣ ባነሰ ቁጥር የሚሻል መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። ጥቂት አሰበች።

«እዳ ነው በይኛ» አለች። «እዳ ሲያንስ እንደሚሻል ማን ይጠፋዋል?»

ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ለመረዳት ስንት ጊዜ ተንበርክኬአለሁ! ባለሙያው መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቁን መግታት አቃተው። እዳው አሥር ሲቀንስ የሚደርሰን ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል። ከ114 ወደ 97 ስንወርድ ሃምሳ እጥፍ ገደማ አተረፍን ማለት ነው፤ ያውም ከዋንዛው አንድ ቅጠል ሳይቀነጠስ።

ሐይቁ ግን ለዋለልን ውለታ ሳያስከፍል አልቀረም። ሞገዱ ከባሕር ዳር በሁለት መንገድ ይመጣል፤ አንዱ ቀጥታ፣ አንዱ ውኃው ላይ ነጥሮ። ሁለቱ አንቴናው ላይ ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ምሰሶው ላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ለውጥ አለው። ጠዋት ውኃው ረግቶ ታንኳዎቹ ደንገሉን ዳር ዳር ሲሄዱ ቁጥሩ ሌላ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ሌላ። እኔ ሐይቁ አጠገብ ተወልጄ አድጌ ጣናን እንዲህ ደቂቃ በደቂቃ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቁጥሩ አምሮ ሥራው የማይሄድበት ጊዜም አለ። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዳችን 97 ላይ ተቀምጦ ገጹ አይከፈትም። ስልክ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ያንኑ አንድ ማማ ይካፈላል፤ መንገዱ ሰፊ ቢሆንም የገበያ ቀን ነው። እዚህ ላይ አንቴና አያዋጣም። መፍትሔው መንቃት ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ። ደወሉ ሲሰማ ካህናቱ ለጸሎት፣ እኔ ለፋይል እንነሣለን። በቀን ሦስት ጀበና የሚፈጀው በዚያ ሰዓት ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ያልቃል። አንድ ቄስ መብራቴን አይተው ለእማዬ «ልጅሽ ጸሎተኛ ሆነች» ብለዋት ኖሯል። እማዬ አላረመቻቸውም።

መብራት ሲጠፋስ? ለሣጥኗ ትንሽ የፀሐይ ባትሪ አለኝ። ማማውም የራሱ ባትሪ አለው፤ የእሱ ሲያልቅ ግን የእኔ መሙላት ምንም አይፈይድም። ይህን ያህል ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ግን አንቴናው ገና ሳይታሰብ አይቼዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ የተመለሰው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ከተማ ውስጥ የገመድ መስመር ያለው ቤት ፈልጎ የሚጠጋ ሰው ነበር። ገጠር ግን ሌላ በር የለንም፤ ሞባይሉ ከተዘጋ ተዘጋ። ፍላሽ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልዬ በደረቴ ይዤ፣ ጀልባ በተገኘ ቀን ውኃ ተሻግሬ፣ ገመድ ያለው ቦታ ወረፋ ጠብቄ ልኬ፣ የተላከልኝን ይዤ ተመልሻለሁ። አንዳንዱን ቀን ጀልባውም አይገኝም። ያን ጊዜ ሁለት ደንበኞች ሥራቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ፤ አልፈረድሁባቸውም። ያን ዓመት ያለፈ ሰው ስለ ቁጥር መውረድና መውጣት ሲያማርር ለራሱም ትንሽ ያፍራል።

አሁን ያለብኝ ጭንቀት ቀለል ያለ ነው፤ የጥቅል ጉዳይ። የጎረቤታችን ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታጠና ስለነበር የይለፍ ቃሉን ሰጠኋት። በሳምንቱ ከጣሪያችን ጠፈጠፍ ሥር የሚጠለሉ ወጣቶች ቁጥር በዝናብ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። ከዚያ አንዲት ሌሊት የአንዱ ስልክ ራሱን በራሱ ሲያድስ አድሮ ለሳምንት የገዛሁትን ዳታ ጠዋት ባዶውን አገኘሁት። ተናድጄ የይለፍ ቃሉን ልቀይር ስነሣ እማዬ «ከጉድጓድሽ ውኃ የሚቀዳ ሰው ትከለክያለሽ?» አለችኝ። ውኃው በካርድ የሚሞላ መሆኑን ብነግራትም አልተበገረችም። የይለፍ ቃሉ አልተቀየረም። በምትኩ የስልኮቻቸውን ማሻሻያ አንድ በአንድ አጥፍቻለሁ፤ ልጆቹም ተራ ገብተው ስልካቸውን ሲያቀብሉኝ ክትባት የምሰጥ መሰልሁ።

ይህን የምጽፈው ደጁ ላይ ተቀምጬ ነው። ሐይቁ ጠቁሯል፤ ከማዶ መብራቶቹ ገና መታየት መጀመራቸው ነው። ለነገ አሥር ሰዓት 140 ሜጋባይት የሚያህል ተረፈ ሥራ አለኝ፤ የስልኬን ደወል ሞልቼዋለሁ። ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የሚሰማው ዋንዛው ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ከቆርቆሮው ቀድሞ ያስታውቃል። ስልኩን አየሁ፤ 99፣ 101።

እማዬ ከውስጥ ሆና ዝናቡን ሰምታለች መሰል፣ «እዳችን ስንት ደረሰ?» ትላለች።